በእናቷ ቀኝ በኩል

ቨርሊን ለአንድ ሽቦ ገዢ ሽማግሌ ደረሰኝ እየቆረጠች ሳለች የልጇ የኬንድራ ቀይ ፒክአፕ መደብሩ በር ላይ ሲቆም በመስኮት አየችው። ብዕሩ እጇ ላይ ቀረ። ኬንድራ ወደዚህ የከብት መኖ መደብር ከመጣች፣ እናቷንም ካነጋገረች፣ ዘጠኝ ወር አልፏል። ሽማግሌው ወደ ውጭ አየት አደረገና፣ ከተማዋ ትንሽ ናትና ነገሩ ገብቶት፣ መልሱን ሳይቆጥር ወጣ።

ኬንድራ የአምስት ዓመቷን ጁኒን በአንድ እጇ፣ ሰማያዊ ማኅደር በሌላው ይዛ ገባች። ባንኮኒውን ዞራ በእናቷ ቀኝ በኩል ቆመች። የቨርሊን ግራ ጆሮ አይሰማም። ኬንድራ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ በኩል ቆማ አታውቅም፤ ተኳርፈው እንኳ እግሯ አልረሳውም።

"ማኅተም ፈልጌ ነው" አለች። "ለትምህርት ቤት።"

ቨርሊን ወረቀቱን ሳታየው አወቀችው። ሰነድ የማረጋገጥ ፈቃድ ካወጣች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ክረምት ብቻ "ልጄን ለማስከተብ ኅሊናዬ አይፈቅድም" የሚለውን ቅጽ ለአሥራ አንድ ወላጅ አትማለች። በቴክሳስ መብቱ የወላጅ ነው። የእሷ ሥራ ሰውየውን ለይታ፣ አስምላ፣ ማተም ብቻ ነው። ባትስማማበትም ለአንዳቸውም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ለልጇ ግን ብላለች። ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በምስጋና ቀን በዓል ማዕድ ላይ፣ በኬንድራ አማቾች ፊት፣ "ለአንዲት ትኩሳት ብለሽ ልጅሽን እንደኔ ልታደነቁሪያት ነው?" አለቻት። ለኬንድራ ግን አንዲት ትኩሳት አልነበረችም። ጁኒ ገና ሕፃን ሳለች፣ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት በወሰደች በሳምንቷ፣ በትኩሳት ተንቀጥቅጣ፣ ዓይኗ ተገልብጦ፣ እናቷ እቅፍ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ከዚህ ዓለም ወጥታ ነበር። ሐኪሙ ጉዳት አይተውባትም አለ፤ እንዳለውም ሆነ። ኬንድራ ግን ያቺን ሁለት ደቂቃ እስከ ዛሬ አልጨረሰቻትም። አሁን ትምህርት ቤቱ ሁለተኛውን ክትባት እየጠየቀ ነው።

"መታወቂያ" አለች ቨርሊን።

"እማ፣ ወልደሽኛል እኮ።"

"ሁሉንም እንደምጠይቀው ነው የጠየቅኩሽ።"

ኬንድራ መታወቂያዋን አወጣች፤ ቅጹንም ባንኮኒው ላይ ፈረመች። ማዶ ያለው የኢንሹራንስ ቢሮም እንዲህ ያለ ማኅተም አለው፤ ኬንድራም ይህን ታውቃለች። እዚያ መሄድ ስትችል ወደዚህ መምጣቷን ቨርሊን ልብ አለች። አንድ ቃል ከተሳሳተች ልጇም የልጅ ልጇም በዚያች ፒክአፕ ተመልሰው ይሄዳሉ።

"ቀኝ እጅሽን አንሺ። የፈረምሽው ተረድተሽው፣ በገዛ ፈቃድሽ መሆኑን ትምያለሽ?"

"እምላለሁ።" ኬንድራ ጠበቀች። "ሌላ ምንም አትይም?"

"ሥራዬ አይደለም። በምስጋናው ቀን ግን በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

ማኅተሙን አሳረፈችው። ለጠብ ተዘጋጅታ የመጣችው ኬንድራ እጇን ማውረድ ረስታ ቆመች።

ጁኒ የመደብሩን ድመት አቅፋ መጣችና በአያቷ ግራ በኩል አንድ ነገር አንሾካሾከች። አያቷ ዞር አላለችም።

"በዚህ በኩል ነይ፣ የኔ ቆንጆ" አለች ኬንድራ ትከሻዋን ይዛ እያዞረቻት። "ያኛው ጆሮዋ አይሰማም።"

"ለምን?"

ኬንድራ ወደ እናቷ ዞረች። በክርክር መሀል "ኩፍኝ" ሲባል ሺህ ጊዜ ሰምታለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን የምታውቀው የለም።

"ሲይዝሽ ስንት ዓመትሽ ነበር፣ እማ?"

"አምስት።"

"እንደማትሰሚ እንዴት አወቅሽ?"

"እናቴ ናት ያወቀችው። ድኜ ተነስቼ እየተጫወትኩ ሳለ በግራ በኩል ጠራችኝ፤ ደጋግማ። እንቢተኛ መሰልኳትና መታችኝ። ከዚያ ገባት። ያን ቀን ሙሉ አቅፋኝ ዋለች።" ቨርሊን ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መለሰች። "ያኔ ክትባቱ አልነበረም። እሷ የምትመርጠው ነገር አልነበራትም።"

ኬንድራ ወረቀቱን ወደ ማኅደሩ ልትከት አለችና ተወችው።

"እስከ መቼ ይሠራል?"

"ለዘጠና ቀን።"

"እንግዲያው ዛሬ መስጠት የለብኝም።"

"ያንቺ ነው። በፈለግሽ ጊዜ።"

ቨርሊን ወደ በሩ ሄዳ "ክፍት" የሚለውን ሰሌዳ ገለበጠችው። መደብሩን በጠራራ ፀሐይ ዘግታ አታውቅም። አንድ በርጩማ ጎትታ በቀኟ በኩል አስቀመጠችና ልጇን አስቀመጠቻት።

"ስለዚያች ሁለት ደቂቃ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም" አለች። "ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።"