በሁለታችንም ስም

ኬሌቦጊሌና ኦባኬንግ በፋሲካ ሰሞን ተጋብተው እስከ ነሐሴ ድረስ አንድ ጣሪያ ሥር አላደሩም። ኬሌ ከሁለት ነርሶች ጋር ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ትጋራ ነበር። ኦባ ደግሞ ጋሌሼዌ ሰፈር ውስጥ፣ በአከራዩ ሴትዮ በማ ሌሴጎ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ስድስት ዓመት ኖሯል። ማ ሌሴጎ ሠርጉ ባለፈ ማግስት፣ "ሚስትህን እዚህ እንዳታመጣት። ክፍሏ ላንተም ጠባብ ናት፤ ሂድና ቤት ፈልግ" ብለውታል።

ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የኪምበርሊ ከተማን ሲያስሱ ከረሙ። በመጨረሻ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ፀሐይ የሚሞላው ማድ ቤት ያለው አፓርታማ አገኙ። ኬሌ ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንገቷን አስገብታ አየች።

"ጠረጴዛው እዚህ ጋ፣ አንተ እዚያ ጋ" አለች።

"እኔ ዕቃ ነኝ?"

"ትልቁ ዕቃ።"

ደላላዋ የሚሞላ ቅጽ ሰጠቻቸው። ኬሌ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፋ የራሷን ቶሎ ጨረሰች። ኦባ ግን የመታወቂያ ቁጥር የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን ይዞ ቀረ።

"ምነው፣ ቁጥርህ ጠፋህ?"

"አልጠፋኝም" አለና ጻፈው።

በሦስተኛው ቀን ደላላዋ ኬሌ ሥራ ላይ እያለች ደወለችላት። "የእርስዎ የብድር ታሪክ ንጹሕ ነው። የባለቤትዎ ስም ግን ዕዳቸውን ካልከፈሉት ጋር ተመዝግቧል። በዚህ ሁኔታ ቢሯችን ቤት አያከራይም።"

"ሰው ተሳስተው ይሆናል" አለች ኬሌ።

"ኦባኬንግ ሞዲሴ አይደሉም?"

ኬሌ ያንን ቀን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ኦባ ፍሪጅ ወደሚጠግንበት ሱቅ ሄደች። የአንድ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ኋላ ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል።

"ውጣ" አለችው።

"ኬሌ? ምን ሆንሽ?"

"ውጣና ንገረኝ።"

ወጣና ነገራት። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሠርግ ላይ ሙዚቃ እያጫወተ ገንዘብ ሊያገኝ አስቦ ሁለት ትልልቅ ስፒከር በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ገዛ። በአራተኛው ወር የሚሠራበት ድርጅት ተዘጋ። ሱቁ ስፒከሮቹን መልሶ ወሰደ፤ ዕዳው ግን ከነወለዱ እሱ ዘንድ ቀረ። "አሁንም እየከፈልኩ ነው። ሰባት ወር ነው የቀረኝ" አላት።

"ሽማግሌዎችህ አጎቴ ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ጥሎሽ ከብት ሲከራከሩ፣ ይህን ለመናገር ጊዜ ጠፋህ?"

"እነሱ የተጠየቁት ስለ ከብቱ ብቻ ነው።"

ኬሌ ልትቆጣ ነበር የመጣችው። ሳቋን አፈነችው፣ አፈነችው፣ አልሆነም።

"እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ከደላላ አፍ ከሰማሁ ማደሪያህ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ነው።"

"እሺ።"

"የምሬን ነው።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።" እጁን ጠረገና የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። "አጎትሽ 'ይህ ልጅ ቤት ማቆም ይችላል ወይ?' ብለው ሲጠይቁ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አፌን መክፈት አቃተኝ።"

ኬሌ ሳጥኑ ላይ ገፋ አድርጋው አጠገቡ ተቀመጠች።

ሌሎች ሦስት ቢሮዎች ሞከሩ፤ መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ። የኬሌ ልብ ግን ከዚያ ማድ ቤት አልወጣም። አንድ ቀን ብድግ ብላ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩትን የአፓርታማውን ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ የሆኑትን ሚስተር ፌብሩዋሪን፣ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። ሁሉንም አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

"ደላላዋ ወረቀት ታንብብ፤ ቤቱ የኔ ነው" አሉ። "ባልሽን ስድስት ዓመት ያኖረችው ሴትዮ መጥታ ትንገረኝ።"

ኦባ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "ማ ሌሴጎ? በቃ፣ አለቀልን።"

ማ ሌሴጎ ሐሙስ ዕለት ከሴቶች ጸሎት በቀጥታ መጡ፤ የጸሎት ማኅበራቸውን ቀይ ሸሚዝ ለብሰው፣ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"ኪራይ ይከፍላል?" ሲሉ ሚስተር ፌብሩዋሪ ጠየቁ።

"ይከፍላል። ሌላው ተከራይ ሲያጥረው በአጥር ዘሎ ይጠፋል። ይሄ ሥራ የፈታ ጊዜ ወሩ ሳይገባ በሬን አንኳኩቶ ነገረኝ። በኪራዩ ፋንታ የማድ ቤቴን ጣሪያ ሠራልኝ።"

"ጣሪያው አያፈስም?"

"በአንድ በኩል ያፈሳል።"

"ይረብሻል?"

ማ ሌሴጎ የለበሱትን ዝቅ ብለው አዩ። "ይህን ልብስ ለብሼ አልዋሽም። እሁድ እሁድ ጠዋት ይዘፍናል፤ ድምፅ ደግሞ የለውም።"

ሚስተር ፌብሩዋሪ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ ኬሌ ዞሩ። "እንግዲህ ውሉን ባንቺ ስም ብቻ እናድርገው። ይሻላል።"

"በሁለታችንም ስም ይሁንልኝ" አለች ኬሌ።

"ለአንቺው ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ገብቶኛል። ግን የሱ ስም ጥሩ ነገር ላይ ካልተጻፈ መቼ ነው የሚቃናው?"

ኦባ ጫማውን እያየ ቀረ። ሚስተር ፌብሩዋሪ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እንዲያ ከሆነ የሁለት ወር መያዣ እፈልጋለሁ።"

"የአንድ ወር ተኩል" አሉ ማ ሌሴጎ።

"እርስዎ ምስክር ነዎት ወይስ ተከራካሪ?"

"ሁለቱንም ነኝ።"

በአንድ ወር ተኩል ተስማሙ። ኦባ ሙሉ ስሙን ቀስ ብሎ ጻፈ፤ ኬሌ ከትከሻው ጀርባ ሆና አየችው።

"ሬጂናልድ? ማነው ሬጂናልድ?"

"መካከለኛ ስሜ ነው። አያቴ ናቸው ያወጡልኝ።"

"ሌላ የደበቅኸኝ አለ?"

"ይሄ የመጨረሻው ነው።"

ቅዳሜ በኦባ ጓደኛ ፒካፕ ዕቃቸውን ጭነው ገቡ። ፍራሽ፣ ሁለት ወንበር፣ ድስቶች፣ ኦባ ከሦስት አሮጌ ፍሪጆች የገጣጠመው አንድ ፍሪጅ። ማ ሌሴጎ ሳይጠሩ መጡ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፉ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍተው አዩ፣ የማድ ቤቱ ግድግዳ መታጠብ እንዳለበት ተናገሩ። ከዚያ ፍራሹ ይመች እንደሆነ ልሞክረው ብለው ጋደም አሉ፤ ጫማቸውን እንዳደረጉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

ባልና ሚስቱ የቀረውን ዕቃ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ አስገቡ። አንድ ድስት ሊያመልጠው ሲል ኦባ በሆዱ ያዘው፤ ኬሌ አፏን በሁለት እጇ ከድና ወደ ማድ ቤት ሮጠች። እዚያ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ ከመንገድ የገዙትን ትኩስ ማግዊንያ፣ በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ፣ ከነወረቀቱ ይዘው፣ ጣታቸው በዘይት እስኪርስ በሉ።

አስር ሰዓት ገደማ ማ ሌሴጎ ነቁ። "ፍራሹ ጥሩ ነው፤ ትራስ ግን ያንሳችኋል" አሉና፣ ሻይ የሚያፈላላቸው ሰው እንዳለ ጠየቁ።