የኢንጂነሩ ካላማዳሪ

ሰፈሩ በሙሉ «ኢንጂነር» ይበለው እንጂ ሰውየው ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የዕቃ ማመላለሻ ብስክሌት፣ የተማሪ ብስክሌት፣ አንዳንዴም የሕፃን ጋሪ ሲጠግን ኖሯል። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። እሱ ግን ወደደው፤ ከወደደው ወዲህ ደግሞ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ጠፋ።

የእህቱን ልጅ ብስክሌት መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። አድጋ ክለብ ገባች፤ ክለቡም ቀጭን ጎማ ያላት የውድድር ኮርሳ ሰጣት። የመጀመሪያ ውድድሯ ሳምንት ሲቀረው ኮርሳዋን እየነዳች ወደ ሱቁ መጣች።

«ጋሼ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪ ፈልግልኝ። መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስ የውስጡን ላስቲክ ራሳችን ነን የምንቀይረው። ክለቡ ጋ የነበረው አልቋል።»

«ለዚህ ነው እንዴ ፊትሽን ያጠቆርሽው? ለእኔ ተይው!»

«ቸርኬው ግን እንደ ሌላው አይደለም፤ ጥልቅ ነው። ልኩን ልጻፍልህ?»

ሁለት ደንበኞች ተራ እየጠበቁ ነበር። ኢንጂነሩ ወደ እነሱ ዞሮ ሳቀ። «ትሰማላችሁ? እኔን ስለ ጎማ ልታስተምረኝ!» ደንበኞቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀችና ሳትጽፍለት ሄደች።

በማግስቱ አከፋፋዩ ዘንድ ሄደ። አከፋፋዩ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ፣ «ስንት በስንት?» አለው።

«ሰባት መቶ በሃያ አምስት።» ይህቺን ትናንት የኮርሳዋ ጎማ ላይ አንብቧታል።

«ቫልቩስ? ቀጭኑ ወይስ ወፍራሙ?»

«ቀጭኑ ነዋ!»

«ርዝመቱስ? ባለ አርባ ሚሊ አለ፣ ስድሳ አለ፣ ሰማንያ አለ።»

እዚህ ላይ ኢንጂነሩ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ። እሱ የሚጠግናቸው ብስክሌቶች ቸርኬ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት፣ ጠፍጣፋ ነው፤ የአየር ማስገቢያው፣ የቫልቩ ርዝመት የሚባል ነገር አሳስቦት አያውቅም። «የቱ ለየቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ለልጅቷም መደወል ይችል ነበር። ግን ከኋላው አንድ የሚያውቀው ጠጋኝ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

«የተለመደውን ስጠኝ እንጂ፣ ምን ታደርቀኛለህ!» አለ።

አከፋፋዩ ባለ አርባውን ሰጠው። ያንኑ ለልጅቷ አደረሰላት፤ እሷም ገልጣ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ኢንጂነሩ እነዚያኑ ሁለት ደንበኞቹን አስከትሎ መንገዱ ዳር ቆመ። ልጅቷ በሁለተኛው ዙር ከፊተኞቹ አምስት መሃል ነበረች። እነሱ ከቆሙበት ሠላሳ እርምጃ ሳትርቅ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ወርዳ የብስክሌቷን የኋላ እግር ፈታች፤ ጎማውን በፍጥነት ፈልቅቃ አዲሱን ካላማዳሪ ከተተች። ደንበኞቹ «ጎበዝ! እጇ የአጎቷ ነው!» እያሉ አጨበጨቡ።

ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ወደ ውጭ ብቅ አላለም። ጫፉ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ፤ መንፊያው የሚነክሰው ነገር አጣ። በጥፍሯ ልትስበው ሞከረች። ብስክሌቱን ገልብጣ ሞከረች። ኋለኞቹ ተራ በተራ አለፏት። በመጨረሻ ብስክሌቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በእግሯ መጣች።

«ኢንጂነር፣ ምን ሆና ነው?» አለው አንደኛው ደንበኛ።

«እኔ እንጃ» አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሸሸው የኖረውን ቃል፣ በደንብ በሚያውቅበት ቀን አወጣው።

አሰልጣኟ፣ ቆፍጠን ያለች ሴት፣ ከመንገዱ ማዶ መጥታ ካላማዳሪውን ተቀብላ አየችው። «ይህን ማነው የገዛው?»

ልጅቷ ቀና ስትል ዓይኗ ከአጎቷ ዓይን ጋር ተጋጨ። ሁለት እርምጃ አይርቃትም። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው የሚቀጥለው ውድድር ላይ አትሰለፊም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ደንበኞቹን ሳይሰናበት ሹልክ ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ቤት ሄዶ ልጅቷን ደጃፉ ላይ አገኛት፤ ጫማዋን ታጥባለች።

«ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ሰው ሁሉ እያየህ ምን ልበል ጋሼ?» አለች፤ ቀና አላለችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በነጋታው ሱቁን ዘግቶ ክለቡ ሄደ። ቢሮው ውስጥ ሦስት ተወዳዳሪዎች ተቀምጠው ነበር። እስኪወጡ ልጠብቅ ብሎ በሩ ላይ አመነታ፤ ከዚያ ገባ።

«አሰልጣኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያንን የገዛሁት እኔ ነኝ። ስለ ቫልቩ ርዝመት አላውቅም ነበር፤ መጠየቅም አፈርኩ። ትናንትም እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ።»

አሰልጣኟ ብዕሯን አስቀመጠች። «መናገርዎ ጥሩ ነው። ቅጣቷ ግን አይነሳም፤ ዕቃዋን ቀድማ መሞከር የእሷ ሥራ ነበር።» ከዚያ ከግድግዳው ላይ አንድ የብስክሌት እግር አውርዳ አሳየችው። «ይኸው፣ የቸርኬው ጥልቀት አርባ አምስት ሚሊ ነው። ቫልቩ ከዚህ ቢያንስ አሥር መብለጥ አለበት፤ አለዚያ መንፊያው አይዘውም። ለእሷ ስድሳው ነው።»

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለ ኢንጂነሩ። ተወዳዳሪዎቹ ተያዩ። ደገመችለት።

የዚያኑ ቀን ባለ ስድሳውን ይዞ እህቱ ቤት ተመለሰ። ልጅቷ ተቀበለችውና አመሰገነች። ቦርሳዋ ውስጥ ግን አልከተተችውም። ብስክሌቷን አምጥታ የኋላውን እግር ፈታች፤ ጎማውን ፈልቅቃ ካላማዳሪውን አስገባች፤ ቫልቩ በቀዳዳው እስኪወጣ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ጎማው እስኪጠነክር ድረስ ነፋች፤ በአውራ ጣቷ ተጭና ሞከረችው።

ድሮ ቢሆን እሱ የሰጣትን ነገር ገልጣ እንኳ አታየውም ነበር። ኢንጂነሩ ይህን እያሰበ፣ እጁን አጣምሮ፣ ጨርሳ እስክትነሳ ድረስ ቆሞ አያት።

«ልክ ነው» አለች።