በሞጣ ሜዳ የተዋሃዱት ክቦች

ሞላላ ጋላክሲ ሁሉ ሞላላ ሆኖ አይወለድም። ጠፍጣፋ ሆነው በሥርዓት የሚሽከረከሩ ጋላክሲዎች በጠባብ ሠፈር ተቀራርበው ሲዋሃዱ ነው የሚሠራው። ይህን በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ለሞጣው የፊዚክስ መምህር ለደምለው ለማስረዳት ጉሮሮዬ ደርቋል። እሱ ግን፣ ከዋክብቱ የማይነካኩ ከሆነ ተላልፈው ይሄዳሉ እንጂ ምን ያዋህዳቸዋል ይላል። ግትር ነው።

ክርክሩ የወሬ ብቻ አልነበረም። ለክፍለ ሀገሩ አንድ ቴሌስኮፕ መጥቶ፣ እኔ ከማስተምርበት ከቢቸናና ደምለው ከሚያስተምርበት ከሞጣ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጋላክሲ የተሻለ ትርኢት ላሳየው ሊሰጥ ነበር። ዳኛው ከደብረ ማርቆስ የመጡት ጓድ ሣህለ ማርያም ነበሩ።

ተማሪዎቼን ሞጣ ወሰድኳቸው። የቢቸና ልጆች አንድ ክብ፣ የሞጣ ልጆች ሌላ ክብ ሠርተው እየዞሩ እንዲገናኙ ተስማማን። ለእግር ኳስ የመጡ የመርጡለ ማርያም ልጆችም ዳር ላይ ትንሽ ክብ ሠሩ። ደምለው ፊሽካዬን ነጥቆ ሩጡ አላቸው። ክቦቹ እርስ በርስ ሾልከው አለፉና መዞራቸውን ቀጠሉ። አንድም ሰው አልተጋጨም።

ደምለው ወደ ዳኛው ዞሮ ፈገግ አለ። ደሜ ፈላ። የአንድ ሠፈር ጋላክሲዎች እንዲህ አይከንፉም፣ ቀስ ብለው ነው የሚቀራረቡት ብዬ ጮኽኩ፤ ፊሽካዬንም መልሼ ነጠቅኩ። አሁን በዝግታ ተራመዱ አልኳቸው።

በዝግታ ሲተላለፍ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ተማሪዬ ይርጋነሽ የአክስቷን ልጅ አየች። እናትሽ ደህና ናት? ከብቱስ? አዝመራውስ? ከኋላዋ ያለው ቆመ፤ እሱም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አብሮት የከረመ ወዳጁን አገኘ። ያለፉትም ስማቸው ሲጠራ ተመለሱ። የመርጡለ ማርያም ልጆችም ተስበው ገቡ። ክብ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሁሉም በየአቅጣጫው የሚመላለስበት፣ መሃሉ የታጨቀ፣ ዳሩ የሳሳ አንድ ሞላላ ሆነ።

«ይኼ እኮ ሰላምታ ነው እንጂ ስበት አይደለም» አለ ደምለው።

«የሰው ስበቱ ሌላ ምንድን ነው፣ አንተ ሰውዬ? የከነፈ ያመልጣል፤ ቀስ ያለ ይያዛል። ሰማይ ላይም እንዲሁ ነው።»

ጓድ ሣህለ ማርያም እየሳቁ ቴሌስኮፑን ለቢቸና ፈረዱ።

ልጆቹን ለይቶ ማሳፈር ፈተና ሆነ። የቴሌስኮፑን ሳጥን ታቅፌ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ደምለው የፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ሞላላ ጋላክሲ በዓይኔ ሳላይ ፍርዱን አልቀበልም አለኝ። ውረድ አልኩት። አልወረደም። መንገዱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ሄደን፣ ቢቸና ስንደርስ እራቱን እኔ ቤት በላ።