ለቅሶ የደረሰው ጅብ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመስከረም ወር በሦስተኛው ሳምንት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ሱቄ ገብቷል። ካርቶኑን ያወረደው አንድ ኩሊ ነው። ጎኑ ትንሽ ተጨፍልቋል እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ጉዳቱ የደረሰው ቅዳሜ ነው፤ እሱም በእኔ ላይ።

ረዲ እባላለሁ። መርካቶ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለው መደዳ ደብተርና መጽሐፍ በጅምላ ስሸጥ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስምንቱን ዓመት የሸጥኩት ማንበብ ሳልችል ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያች ቅዳሜ በኋላ፣ ሱቄ ውስጥ ካሉት የልጆች መጻሕፍት ራሴን በራሴ አስተምሬ ነው። ይኸው አሁን በእጄ እጽፋለሁ፤ እየጻፍኩም ፊቴ ይግላል።

እንዴት ይቻላል የሚል ይኖራል። ይቻላል። መጽሐፍ የሚሸጠው በሽፋኑ ነው። የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ሰማያዊ ነው፣ ጥጉ ላይ ብርቱካን አለበት። የስምንተኛ ሳይንስ እንቁራሪት አለው። መዝገበ ቃላት በውፍረቱ ይታወቃል። ቁጥር ደግሞ አውቃለሁ፤ ቁጥር የማያውቅ መርካቶ አያድርም። ደንበኛ “ጋሼ ረዲ፣ ይሄ እንዴት ነው?” ሲለኝ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አደርግና ሁለት ገጽ ገልጬ፣ “ደህና ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ቸኩሏል” እላለሁ። አንድ የኮሌጅ መምህር “እውነትዎን ነው፣ ይቸኩላል” ብሎኛል። መነጽሩን የገዛሁት መሳለሚያ ከመንገድ ላይ ነው። ባደርገውም ባላደርገውም ለእኔ ለውጥ አልነበረውም።

በመደዳው ውስጥ የተማረው ሰው እኔ ነበርኩ። ይህን ስም ከማጣ ሱቄ ቢቃጠል እመርጥ ነበር። ምስጢሬን የምታውቀው ባለቤቴ ሐጀራ ብቻ ናት። ስልኬ ላይ መልእክት ሲገባ “ሐጀራ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ እስኪ አንብቢልኝ” እላታለሁ። “ዓይንህ ከተጋባን ጀምሮ እንደደከመው ነው” ትለኛለች።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ውስጡ የነበረው ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች የተዘጋጀ፣ የአገራችንን ተረት በሥዕል የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ገጹ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሏል። በየሳጥኑ እንስሳት አሉ፤ ከአፋቸው ፊኛ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ የሚሉት እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ካርቶኑን ያመጣው ሹፌር ስለነበረ መጽሐፉ ምን ዓይነት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

እኔ ሥዕሉን ተከተልኩ። አህያ ሞቷል። ሚስቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ጅብ ጋቢውን ተከናንቦ ለቅሶ ይደርሳል። ቀበሮ ይከተለዋል። ጥንብ አንሳ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ጅቡ ደረቱን ይመታል፤ እንባው እንደተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል። ከሁሉም ጭንቅላት በላይ ደግሞ ደመና አለ፣ ደመናው ላይም ጽሑፍ። ሠዓሊዎቹ ሰማዩን ማዳመናቸው አስደነቀኝ። ሐዘኑን ለማክበድ ነው አልኩ። ጅብ እንኳ ለአህያ ሲያለቅስ ማየት ልቤን ነካው። ለደንበኞቼ ሁሉ “ይሄ የርኅራኄ መጽሐፍ ነው፤ ደመናውን ልብ በሉልኝ” አልኩ። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤት ደመናውን ልብ ብላ ሃያ ገዛች።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የሱቅ ጎረቤቴ ጋሼ ጴጥሮስ አረፉ።

ጋሼ ጴጥሮስ ፖስታና ካኪ ወረቀት ነበር የሚሸጡት። ስለ ጠባያቸው ባላወራ ይሻላል፤ ስለ ሱቃቸው ላውራ። ጥግ ሱቅ ነው። በሁለት በኩል በር አለው። መርካቶ ውስጥ በሁለት በኩል በር ያለው ሱቅ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም። ሱቁ የሚደርሰው ለሚስታቸው ለእትዬ ሸዋገነት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሱቁን ረግጠውት አያውቁም። ለአንዱ እንደሚያስተላልፉት መደዳው ሁሉ አውቋል። ለማን እንደሆነ ብቻ ነው ያልታወቀው።

ስለዚህ ለቅሶው ደመቀ። ጋሼ ጴጥሮስን በሕይወታቸው ያን ያህል ሰው ሰላም ብሏቸው አያውቅም። የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪው ጋሼ ሀብተሚካኤል ስድስት እሽግ ውኃ ላኩ። የፕላስቲክ ነጋዴው ዛኪር ስምንት ላከ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ሦስት ጨመሩ። እኔም ከሰው አልሻልም። ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ፣ በእኔና በእሳቸው ሱቅ መካከል ያለው ግድግዳ በስንት ቀን እንደሚፈርስ አስብ ነበር። ሁለት ቀን ይበቃል።

“ውኃ አልልክም” አልኳት ሐጀራን። “ውኃ ተጠጥቶ ይረሳል። ለልጅ ልጃቸው መጽሐፍ ብወስድ ይሻላል። ስለ ሐዘን ነው።”

“ምን ይላል?”

“ያጽናናል።”

“እስኪ አምጣው ልየው።”

“እኔ አይቼዋለሁ” አልኩና ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ የሣልስቱ ዕለት፣ እትዬ ሸዋገነት ቤት ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። እሳቸው ፍራሽ ላይ ናቸው። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ቃሊ ጉያቸው ሥር ተቀምጣለች። በቀኛቸው ጋሼ ሀብተሚካኤል፣ በግራቸው ዛኪር። ሁለቱ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሱም ተባልኩ። ከእነሱ ቀጥለው የተቀመጡት ሰዎች ሦስቴ ተቀያይረዋል።

“አይዞሽ ሸዋዬ፣ እኛ አለን” ይላሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል።

“አብሽሩ እትዬ፣ እኛ አለን” ይላል ዛኪር። “ስለ ሱቁም እንዳያስቡ። ከአርባው በኋላ ቁጭ ብለን...”

“አንተ! ሰው ቤት ለቅሶ ተቀምጦ የሱቅ ወሬ ይነሳል? ነውር አታውቅም?” አሉና ጋሼ ሀብተሚካኤል ወደ እትዬ ሸዋገነት ዞሩ። “ይሄን ከአርባው በኋላ እኔ አማክርሻለሁ።”

እኔም ተራዬ ደረሰ። መነጽሬን አድርጌያለሁ። “አላህ ያጽናዎት እትዬ። እኛ አለን” ብዬ መጽሐፉን ለልጅቷ ሰጠኋት። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “ስለ ለቅሶ ነው። ራሴ አንብቤ ነው የመረጥኩላት” አልኩ።

“አንተ መቼም የተማርክ ነህ ረዲ” አሉ እትዬ ሸዋገነት። “ሌላው ውኃ ነው የሚያመጣልኝ።”

ጋሼ ሀብተሚካኤል ጥግ ላይ የተቆለለውን ውኃ አዩት። እኔ ደረቴን ነፋሁ። እስካሁን የማፍረው በዚያች ደቂቃ ነው።

“ቃልዬ፣ እስኪ አንብቢልን። ጮክ በይ፣ ሰው ይስማ” አሉ እትዬ ሸዋገነት።

ቃሊ ጣቷን ፊደሉ ላይ አደረገች። “ወ... የ... ው። ወየው። ወን... ድሜ። ወየው ወንድሜ!”

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። “እሰይ የኔ ልጅ” አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል፤ ዓይናቸውንም በመሐረብ ነካ ነካ አደረጉ። ልጅቷ ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደ ደመናው ወሰደች።

“ሰማዩን ተይው ቃሊ” አልኳት። “ቃሉን አንብቢ።”

“ሰማይ አይደለም” አለችኝ። “ይሄ ጅቡ በአፉ የሚለው ነው። ይሄ ደግሞ በልቡ የሚለው። ትንንሽ ክብ ክብ ካለው በልቡ ነው። ቲቸር ነግራናለች።”

ይህን ስሰማ መጽሐፉን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን ጀምራለች።

“የኋ... ላ... እግሩ... የኔ... ነው።”

ንፍሮ የሚዘግን እጅ ሁሉ ቆመ። ከንፈር የሚመጥ አልነበረም። ጀማሪ አንባቢ ደግሞ አይቸኩልም። እያንዳንዷን ፊደል እየያዘች፣ ማንም እንዳያመልጠው አድርጋ ነው የምታነበው።

“ቀበሮ። አይ... ዞሽ። እኛ... አለን።” ጣቷ ወደ ላይ ወጣ። “በልቡ። ቤ... ቱ... ሰፊ... ነው።”

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጥንብ አንሳ። እኔ... ብቻሽን... አል... ተውሽም። በልቡ። ጅቡ... ቀድሞ... ካል... ወጣ... አል... ወጣም።”

ቃሊ ሳቀች። ለካ መጽሐፉ አስቂኝ ነው። ለካ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልጅ ለማሳቅ የተሠራ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ ያዘንኩበት።

ዛኪር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “ጋሼ ረዲ፣ እኔ የትኛው ነኝ?”

“ረዲ!” አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል። ፊታቸው ቀልቷል። “ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ስንንገላታ፣ አንተ ሱቅህ ቁጭ ብለህ ለኛ የሚስማማ ተረት ትመርጥ ነበር?”

“ስለ እርስዎ ማን አወራ ጋሼ?” አለ ዛኪር። “ጅብ ነው የሚለው።”

“አንተ ዝም በል! ረዲ፣ ልጠይቅህ። ይሄን አንብበህ ነው ያመጣኸው፣ ሳታነብ?”

ሰው ሁሉ አየኝ። አንብቤ ነው ካልኩ፣ ባል በሞተበት ቤት ገብቼ ለቀስተኛውን የሰደብኩ ባለጌ ነኝ። ሳላነብ ካልኩ፣ አሁን አንብቤ ነው ብያለሁ። መነጽር እንኳ ረሳሁ እንዳልል አፍንጫዬ ላይ ነው። እትዬ ሸዋገነት ይጠብቁኛል፤ ዓይናቸው አልተቆጣም፣ ያ ነው የባሰብኝ።

“አላነበብኩትም” አልኩ።

“አሁን አንብቤ ነው አላልክም?”

“ዋሸሁ ጋሼ።”

“ለምን?”

“ማንበብ አልችልም።”

በሕይወቴ ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ከሐጀራ ጋር እንኳ በዓይኔ ድካም ነው የምንግባባው። መሬት ይከፈታል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላመነኝም።

“ቀልድህን እዚያው!” አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል። “የመጋዘኔን የኪራይ ውል ሰጥቼህ ‘ደህና ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ቸኩሏል’ አላልከኝም?”

“ብያለሁ።”

“እና?”

“አላነበብኩትም።”

“እኔ እኮ አንተ አይተኸዋል ብዬ ነው ሳላነበው የፈረምኩት!” አሉ። ከዚያ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ።

እትዬ ሸዋገነት መጽሐፉን ከልጅቷ ተቀብለው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡና ሰጡኝ። “እዚህ ጋ ምን ይላል ረዲ?”

ያዝኩት። ሦስቱም፣ ጅቡ፣ ቀበሮውና ጥንብ አንሳው፣ የአህያውን ሚስት ከበው ተቀምጠዋል። ፊኛው በጽሑፍ ተሞልቷል፤ ደመናውም እንዲሁ። ለእኔ ሁሉም ጉንዳን ነው።

“ያለቅሳሉ እትዬ” አልኩ።

“ከልባቸው ነው?”

እንደገና አየሁት። መልስ ከሥዕሉ ካልሆነ ከሌላ የማገኝበት የለኝም።

“እንባቸው ብዙ ነው” አልኩ።

እትዬ ሸዋገነት አዩኝ። ከዚያ ቀኛቸውን አዩ፣ ግራቸውን አዩ፣ ጥግ ላይ የተቆለለውን ውኃ አዩ። ነጠላቸውን ስበው ፊታቸው ላይ ጣሉት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቃሊ የነጠላውን ጫፍ ገልጣ ወደ ውስጥ ተመለከተችና እሷም መሳቅ ጀመረች።

በዚህ ጊዜ ከሸማ ተራ በኩል የመጡ አራት ሴቶች በሩ ላይ ደረሱ። የእትዬ ሸዋገነትን ትከሻ ሲያዩ ለቅሶ መሰላቸውና አልጠበቁም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ “ወይኔ ጴጥሮስን! ወይኔ ደጉን ሰው!” እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

እንደ ወጉ፣ ዋይታ ሲገባ በቤቱ ያለው ሁሉ ተነስቶ ይቀበላል። ባለፉት ሦስት ቀናት ቀድመው የሚቀበሉት ጋሼ ሀብተሚካኤል ነበሩ። አሁንም ተነሱ። አፋቸውን ከፈቱ። ቃሊ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ፣ ጣቷን ደመናው ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ ትጠብቃቸዋለች። አፋቸውን ዘጉና ተቀመጡ።

ሌላ የተነሳ አልነበረም። ሴቶቹ ብቻቸውን ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ አንዷ ዞር ብላ ቤቱን አየች፣ ድምጿን ቀነሰች፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ዝም አሉ።