የማይከልል አጥር

ጥሩሐረግ ሰቆጣ ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ብሏት ነበር። ከአዲስ አበባ ስትነሳ መንገዱ ክፍት ነው ተብላ ነበር፤ ወልድያ ላይ ተዘጋ፣ ከዚያ ተከፈተ፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡሱ ተበላሸ። ኬላ በደረሱ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ እየወረደ ይፈተሻል። መታወቂያዋን ያየ ሁሉ «መምህር ነሽ? ምን ታስተምሪያለሽ?» ይላታል። «ፊዚክስ» ስትል ሌላ ጥያቄ ያስከተለ አልነበረም።

የመጣችው ዶክተር ደግሰውን ልታይ ነው። ዶክተር ደግሰው መምህሯ ነበሩ፤ ኋላም የምርምር አማካሪዋ ሆኑ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ከታላቅ እህታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጋር ይኖራሉ። ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶት አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ስልክ የሚያነሱላቸው እህታቸው ናቸው፤ እሱም ኔትወርክ ሲኖር ነው።

ጥሩሐረግ ይዛ የመጣችው ነገር ግን በስልክ የሚነገር አልነበረም። ከዓመታት በፊት ሁለቱ አብረው አንድ ጥናት በውጭ አገር መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ለእሳቸው የመጨረሻ ሥራቸው ነበር፤ ለእሷ የመጀመሪያዋ። ያ ጥናት ስሕተት አለበት።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በር ላይ ስመው ተቀበሏትና እግሯን አይተው ውኃ ሊያሞቁላት ገቡ። ወንድማቸው ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ድምፅዋን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ጥሩሐረግ ነሽ? በዚህ መንገድ?»

«አዎ ዶክተር። እንዴት ነዎት?»

«አለሁ። መኖሩ ደከመኝ እንጂ ሌላስ አላመመኝም።»

የዚያን ዕለት አልነገረቻቸውም። እሳቸው ስለ ቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጠየቁ፤ የሞተውን ሞተ፣ የተሰደደውን ተሰደደ እያለች መለሰች። እራት ሳይነሳ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ነገረቻቸው።

ዶክተር ደግሰው ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ፍርግርግ ነበር። ሰሌዳው ላይ ቀጥ ያሉና አግድም መስመሮች ያሰምሩና መስመሮቹ በሚገናኙበት ሁሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ትንሽ ቀስት ይስላሉ። ቀስቶቹ ጥቃቅን ማግኔቶች ናቸው። ሲቀዘቅዝ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ፤ ሲሞቅ እያንዳንዱ በራሱ ይሄዳል። «አሁን ቀስቶቹን ተዉአቸው» ይሉ ነበር። «ወደ ላይ የሚያዩትንና ወደ ታች የሚያዩትን የሚለየውን አጥር ብቻ ሳሉልኝ።» የአጥሩ ሥዕል ራሱን የቻለ ሌላ ፍርግርግ ይወጣዋል። የመጀመሪያው ሲሞቅ ሁለተኛው ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ላይ የማይቻል ስሌት ሌላው ላይ ይቀላል። ይህ ጥንድነት ይባላል። የአገራቸው የሰቆጣ ልጆች ክፍሉ ውስጥ ካሉ «እቤታችሁ በኽምጣና የሰማችሁትን እኔ በአማርኛ ነገርኋችሁ፤ ጉዳዩ ያው ነው» ይሏቸው ነበር።

ሁለቱ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ሐሳብ ከበድ ያለ የኳንተም ሞዴል ላይ ያዋለ ነበር። በጥንድነቱ በኩል ዞረው አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ ሞዴሉ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ የሚያርፍበት ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ፍርግርጉ የተዘረጋበት ገጽ ቅርጹ ምንም ቢሆን ለውጥ አያመጣም። ጥናቱን ሰው የወደደው ለዚህ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ነበር።

«ባለፈው ክረምት በኮምፒውተር አስላሁት» አለች ጥሩሐረግ። «ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አንድ ይላል። እንደ ጎማ ክብ ሆኖ የተዘጋ ገጽ ላይ ግን አራት ይላል።»

«ፕሮግራሙን ፈትሺው።»

«ፈትሼዋለሁ። ከባዶ ተነሥቼ እንደገና ጽፌዋለሁ። አራት ነው።»

ዶክተር ደግሰው ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ። ጎረቤት ግቢ እንጨት እየተፈለጠ ነበር።

«ተይው» አሉ በመጨረሻ። «ዓይኔ ጠፍቷል፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

«አንብበውታል፤ በላዩ ላይ እየሠሩበትም ነው። አንድ ቡድን የእኛን መደምደሚያ እንደ መነሻ ወስዶ ሌላ ጥናት ጽፏል። ማረሚያ መላክ አለብን። መጽሔቱ ደግሞ የሁለታችንንም ስምምነት ይፈልጋል።»

«ደክሞኛል፣ ጥሩሐረግ።»

ተነሥተው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ገቡ።

ምሳ ቀርቦ አልበላም አሉ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ሳህኑን መልሰው ይዘው ጥሩሐረግ ወዳለችበት መጡ።

«ምን አልሽው?»

«አብረን የሠራነው ሥራ ስሕተት ተገኘበት፣ እማማ።»

«ስሕተቱ የማን ነው?»

«የሁለታችንም። እኔም አላየሁት፣ እሳቸውም አላዩት።»

«እንግዲህ አብራችሁ አርሙት። እኔ ምግብ መመለስ አልወድም» አሉና ሳህኑን ፊቷ አኖሩላት። በላችው።

ያን ቀን ዶክተር ደግሰው ከክፍላቸው አልወጡም። ጥሩሐረግ በማግሥቱ ወደ እናቷ ወደ አምደወርቅ ልትሄድ ሻንጣዋን ዘጋች። ተቆጥታም አልነበረም፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ስድስት ክፍል ታስተምራለች፤ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ባትሪው ባለቀ ማይክሮፎን ታስተምራለች። ይህን ጥናት የሠራችው በዚያ መሐል ከእንቅልፏ እየቀነሰች ነው። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዋም የቆመው በእሱ ላይ ነበር።

ጠዋት ልትሰናበታቸው ስትገባ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ለብሰዋል።

«አስረጂኝ» አሉ። «አራቱ ከየት መጣ?»

ሻንጣዋን አስቀምጣ በቃል ጀመረች። ጥቂት ተከተሏትና ጠፋባቸው። እንደገና ጀመረች። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በሰሌዳና በጠመኔ ያሰቡ ሰው ናቸው፤ ቀመሩን ካላዩት በአእምሯቸው አይቆምላቸውም። «ይቅርታ፣ አልያዝሁትም» ሲሉ ልብሳቸውን እያፍተለተሉ ነበር።

ጥሩሐረግ ወጥታ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሄደች። ተለጥፎ ተለጥፎ ለመኪና የማይሆን የሚኒባስ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ጥግ ላይ ተጥሎ አየች። ጎሚስታው ደረሰ ይባላል። «ይኼ አያዛልቅሽም» አላት። «ለዛሬ ከያዘልኝ ይበቃኛል» ስትለው በነፋስ ሞላላት። ከሱቅ ሲባጎ ጨምራ ተመለሰች። ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላው ስትገባ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱላት።

ካላማዳሪያውን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ገጹ ላይ አንድ ትንሽ የሲባጎ ቀለበት አስተኝታ ጣታቸውን አስያዘቻቸው።

«ይህ አጥር ነው።»

ጣታቸው ዞሮ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። «ውስጥ አለው፣ ውጭ አለው። ውስጥ ያሉት ቀስቶች ወደ ላይ፣ ውጭ ያሉት ወደ ታች። ደኅና።»

ቀለበቱን አነሣችና ሌላ ሲባጎ በጎማው ቀዳዳ አሳልፋ ዙሪያውን አጥብቃ አሰረችው። «አሁን ይህን።»

ዶክተር ደግሰው ሲባጎውን ተከተሉት። በቀዳዳው ውስጥ አለፈ፣ በውጭ ዞረ፣ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። ወደ ጎን ሊገፉት ሞከሩ፤ ተንሸራተተ እንጂ አልወጣም። ከዚያ ጣታቸውን ከሲባጎው በስተቀኝ አደረጉና ከእሱ እየራቁ በጎማው ርዝመት ሄዱ፣ ሄዱ፣ ዞሩ፤ ጣታቸው ከሲባጎው በስተግራ መጥቶ ቆመ።

«አልተሻገርሁትም» አሉ ቀስ ብለው።

«አልተሻገሩትም።»

«ቀኙና ግራው አንድ ሜዳ ነው ማለት ነው። በቀኝ ያለውን ቀስት ወደ ላይ ካልሁት በግራ ያለውን ወደ ታች ልለው አልችልም። አጥሩ አለ፤ የሚከልለው ግን የለም።» ጣታቸውን ወደ ሲባጎው መለሱ። «እኛ የተዘጋ አጥር ሁሉ የሚለያቸው ቀስቶች አሉት ብለን ነው የተነሣነው።»

«በጥናታችን ሦስተኛ ገጽ ላይ። አንድ መስመር ናት።»

«ሌላው ደግሞ በርዝመቱ የሚዞረው ነው» አሉና የጎማውን ጀርባ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይህኛው አለ ወይ የለም፤ ያኛው አለ ወይ የለም። አራት።» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጨፈኑም አልጨፈኑ የሚለወጥላቸው ነገር አልነበረም። «ቀላሉ ሞዴል ላይ ይህ ድሮ የታወቀ ነገር ነው። እኔ ራሴ አስተምሬዋለሁ። ተማሪ ቢሳሳተው ማርክ እቀንስበት ነበር።»

ጥሩሐረግ ደብተሯን ከሻንጣዋ አወጣች። ልታጽናናቸው ብትሞክር እንደሚከፋቸው ታውቃለች።

ከምሳ በኋላ ሥራ ጀመሩ፤ ምሳውን ሁለቱም በሉ። እሳቸው ሲባጎውን በጣታቸው ይዘው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ የጻፈችውን መልሳ ታነባለች። ጥንድነቱ እንዳለ አልወደቀም። ሁለቱን የጎማውን ዙሮች በመኖርና ባለመኖራቸው በአራት ክፍል ለይተው ሲይዟቸው የአንዱ ፍርግርግ ክፍሎች ከሌላው ጋር ይዛመዳሉ፤ ነገር ግን በቀጥታ አንድ ለአንድ ሳይሆን እየተደባለቁ ነው። ይህን ያገኙት ዶክተር ደግሰው ናቸው። ሲያገኙት ድምፃቸው ለጥቂት ጊዜ ክፍል ውስጥ የምታውቀውን ድምፅ መሰለ። መደምደሚያቸው ግን አልዳነም። «የገጹ ቅርጽ ለውጥ አያመጣም» የሚለው ዐረፍተ ነገር መውጣት ነበረበት፤ ለውጡ ሁሉ ያለው ቅርጹ ላይ ሆኖ ተገኘ።

እያነበበችላቸው መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እስኪነቁ ጠበቀች።

«ማዕረግሽስ?» አሉ ሲነቁ። «ማመልከቻሽ በዚህ ጥናት አይደለም እንዴ?»

«ማመልከቻውን መልሼ እወስደዋለሁ።»

«ይቆጭሻል?»

«አይቆጨኝም» አለችና ደብተሯን ዘግታ «ይቆጨኛል። ብዙ ይቆጨኛል» አለች።

ዶክተር ደግሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔንም» አሉ። «በይ ስሜን ጻፊ፤ ከስምሽ ቀጥሎ። ተስማምቷል በያቸው።»

ማረሚያው ከሰቆጣ ለመላክ ሰንበትበት አለ። ፋይሉ እየጀመረ ይቋረጣል። በመጨረሻ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ አዝዛ እንደተቀመጠች ሄደላት። ተመልሳ ስትነግራቸው «ደኅና» ብቻ አሉ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ለመንገድ ዳቦ ቋጠሩላት። ከዚያ አምደወርቅ እናቷ ዘንድ ሄዳ ተኛች። እናቷ እየገቡ ያይዋት ነበር፤ ልጃቸው የታመመች መስሏቸው ጸበል ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። አልታመመችም።

ማረሚያው የወጣው በዓመቱ ነው፤ ሁለት ገጽ ነው። ያ ሌላው ቡድን አጭር የምስጋና መልእክት ልኮ የራሱን ጥናት አስተካከለ። ከዚያ በቀር የጻፈላቸው ሰው የለም። የዚያን ዓመት ማዕረግ ለሌሎች ተሰጠ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጥሩሐረግን ጠርቶ «ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር?» አላት። ክፍል ረፍዶባት ስለነበር ተነሥታ ወጣች።

ለዶክተር ደግሰው በስልክ አነበበችላቸው። እህታቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘውላቸው ነበር፤ ትንፋሻቸው ይሰማታል።

«ሁለተኛውን አንቀጽ ድገሚልኝ» አሏት።

ደገመችላቸው።

«እዚያ ጋ ‹ስለዚህ› አያስፈልገውም ነበር» አሉ። «ግን ትክክል ነው። አሁንስ ምን እየሠራሽ ነው?»

«የፈተና ወረቀት እያረምሁ ነው።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው፣ ዶክተር።»

«በይ፣ አላቆይሽ» አሉና ስልኩን ለእህታቸው መለሱ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ዝናቡ ዘንድሮ ደኅና እንደሆነ፣ ወንድማቸውም ምሳ እንደበላ ነገሯት። ጥሩሐረግ አመስግና ዘጋችና የሚቀጥለውን ወረቀት ሳበች።