የእማዬ ዶሮ ለስላሳ እንቁላሎች

መጀመሪያ ያገኘኋት ጠዋት ላይ እጄን ጭዱ ውስጥ ስሰድ ነው። ጣቴ ሰመጠ። እባብ የነካሁ መስሎኝ ደንግጬ እጄን ሳብኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንቁላል ናት፤ ግን ቅርፊት የላትም። በስስ ቆዳ የተጠቀለለች፣ ሲነኳት የምትረግብ፣ እንደ አራስ ልጅ እርግብግቢት። በሁለት እጄ ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። እኔ ደግሞ ትንፋሼን የምውጥ ሰው አይደለሁም፤ ጎረቤቱን ሁሉ መጠየቅ ይቻላል።

የማን እንደሆነች ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። ጓሯችን ውስጥ ያሉት ዶሮዎች አራት ናቸው፤ በዚያ ጥግ የምትጥለው ባልቴቷ ብቻ ናት። ባልቴቷ የእማዬ ዶሮ ናት። ስሙን ያወጣችላትም እማዬ ነች፣ ገና ቄብ ሳለች፣ አረማመዷ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴትዮ ስለሚመስል። እማዬ ታማ አልጋ ላይ ስትውል ባልቴቷ በሩ ገርበብ ካለላት ገብታ አልጋው ሥር ትቀመጥ ነበር። “ለኔ ልቅሶ ብላችሁ ይቺን ብታርዱ ተነስቼ እመጣለሁ” አለች እማዬ አንድ ቀን። አባዬ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እማዬ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። እኔ እሷን ሳስታምም ከስድስተኛ ክፍል እንደወጣሁ ቀረሁ፤ አሁን ቤታችንን የያዘችው አክስቴ፣ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ስትመጣ ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ አስጭና ቀይ ዶሮዋን ግን በካርቶን አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛ ነው የመጣችው። ክፉ ሰው አይደለችም። ብቻ ሥራ የማይሠራ ነገር ማየት አትችልም፤ ሰውም ይሁን ዶሮም ይሁን የግድግዳ ሰዓት። የቆመውን ሰዓታችንን በመጣች በሦስተኛው ቀን አውርዳ ጣለችው።

“የማይጥል ዶሮ ጥሬ ጨራሽ ነው” አለች ያን ሰሞን ምሳ ላይ። “ያቺ አሮጊት ከጣለች ስንት ጊዜዋ ነው?”

“ሥራ ላይ ናት” አልኩ።

“ምን ሥራ?”

“አንቺን መታዘብ።”

አባዬ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። አባዬ በያጅ ነው፤ ሲበይድ የሚያደርገውን ጥቁር መነጽር ቤትም ያላወለቀ ይመስል፣ ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ከፊቱ አይታወቅም። አክስቴ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ምላሳም። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ እንቁላል ካላየሁ በመጀመሪያው እሑድ ድስት ውስጥ ናት። ወንድሜ፣ ሰማህ?”

“እሺ” አለ አባዬ። አባዬ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አያወጣም፤ ከነዚያ ውስጥ ሰባቱ “እሺ” ናቸው።

ታዲያ ለስላሳዋን እንቁላል ላሳያት? አክስቴ ይህን ካየች “ይቺማ ታማለች” ብላ በዚያው ቀን ነው የምታሳርዳት። ከቧንቧው ጀርባ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳት። በማግስቱ ምንም የለም፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ለስላሳ። እሷንም ቀበርኩ።

በአጥር የምንዋሰናቸው ጋሼ መርፌ ድሮ ከብት ሲከትቡ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ አይደለሁም፤ ይሄን እንኳ በኔ አታሳብቡ።

“ጋሼ፣ ዶሮ ቅርፊት የሌለው እንቁላል የምትጥለው ምን ሆና ነው?” አልኳቸው በአጥሩ ቀዳዳ።

“አርጅታ።”

“መድኃኒት የለውም?”

“ለኔ ነው ለዶሮዋ?”

“ለእርስዎማ ጊዜው አልፏል ጋሼ።”

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን በመሐረብ ጠርገው እንደ ሐኪም ሆኑ። “አጥንቷ ውስጥ ያለው ኖራ አልቆባት ነው። የእንቁላል ቅርፊት ሰብስቢ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ሙቀጫ ውስጥ ውቀጪና ከጥሬዋ ጋር አደባልቀሽ ስጫት። ዱቄት እስኪሆን ነው ታዲያ። ቅርፊት መሆኑን ካወቁት የገዛ እንቁላላቸውን መስበር ይለምዳሉ። አንዴ የለመደች ዶሮ አትመለስም።”

መስማቱንስ ሰማሁ። ችግሩ ሙቀጫችን ያለው ወጥ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ያለው አክስቴ እጅ፣ ዘነዘና ደግሞ በሹክሹክታ አይወቅጥም። “ምንድን ነው የምትወቅጪው?” ካለች ሁሉም ነገር ይዘረገፋል። ስለዚህ ከቁርስ የተረፈውን ቅርፊት በጨርቅ ጠቅልዬ ጓሮ ድንጋይ ላይ በመዳፌ አደቀቅሁት። አደቀቅሁት ልበል እንጂ ሰባበርኩት ነው። ግማሹ ጥፍር ያክላል፤ ግማሹ ጎድጓዳነቱ እንኳ አልጠፋ፤ አንዳንዱ ላይ ነጩ ደርቆ ተጣብቋል። ለአሮጊት ዶሮ ይሄም አያንስም አልኩ።

በየጠዋቱ “ባልቴት፣ ባልቴት” እያልኩ ስጠራት ቀሚሷን ሰብስባ ትመጣና ከእጄ ትለቅም ነበር። ምንቃሯ መዳፌን ይነካኛል እንጂ አያመኝም። ቀይዋም አትቀርም። አንገቷን በክንዴ ሥር አሹልካ ትልልቁን እየመረጠች ትነጥቀኛለች። አባርራታለሁ፣ ትመለሳለች። አንድ ሁለት ቀን ተጋፋሁና ተውኳት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የባልቴቷ እንቁላል መርገቡ ቀረና እንደ ወረቀት ሆነ፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጎዳል እንጂ አይዘረጠጥም። ደስታዬን ለማን ልናገር? ለእማዬ በሆዴ ነገርኳት። ትንሽ ቢቆይ፣ ሌላ አንድ ሳምንት ቢጨመር፣ አክስቴ ጠረጴዛ ላይ “ኳ” አድርጌ የማስቀምጠው እንቁላል እንደሚመጣ አውቄያለሁ። የምለውን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሌሎቹ ዶሮዎች እንቁላል ይጠፋ ጀመር። አክስቴ ባዶ ጎጆ ላይ አጎንብሳ እርጥብ ጭድ አነሳች።

“ድመት ናት” አልኩ።

“ድመት ቅርፊቱን ሳይቀር ትበላለች?”

“ርቧት ይሆናላ።”

ድመት አለመሆኗን በማግስቱ በዓይኔ አየሁ። ነጯ ዶሮ ጥላ ተነስታ ስትጮህ ቀይዋ ገባች። እንቁላሉን ሁለቴ መታችው፣ የፈሰሰውን ጠጣች፤ ከዚያ ቅርፊቱን አንድ በአንድ፣ ትልልቁን እያስቀደመች ለቀመችው። ልክ ከእጄ ላይ እንደምትለቅመው። የዶሮ ቤቱን በር ይዤ ቆምኩ። ማን እንዳስተማራት ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

አክስቴ ግን ያየችው ሌላ ነው። ዓርብ ቀን ባልቴቷ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያቺ እንደ ወረቀት የሆነችው እንቁላሏ በክብደቷ ተደፍጥጣ ደረቷን አስኳል አልብሳዋለች። እሷም ግራ ገብቷት የራሷን ላባ ትጠርጋለች፣ ምንቃሯም ቢጫ ሆኗል። አክስቴ በሁለት ክንፏ አንጠልጥላ ይዛት መጣች።

“ሌባዋ ተያዘች። ራሷ አትጥል፣ የጣሉትን ትበላለች። ለካ ወር መጠበቁም በከንቱ ነው።”

አባዬ ከሥራ ገብቶ እጁን እየታጠበ ነበር።

“ቀይዋ ናት” አልኩ።

“የኔ ዶሮ?”

“አዎ፣ ያንቺ ዶሮ።”

“ድሮስ!” አለች አክስቴ። “ከመጣሁ ጀምሮ የኔ የሆነ ነገር ጥሩ ሆኖልሽ ያውቃል? የሠራሁት ይጨስብሻል፣ ያጠብኩት አይጠራልሽም። አሁን ደግሞ ዶሮዬ።”

እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ብዬ አውቃለሁ፣ ሰው ለማሳቅ።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። “እንዴት አወቅሽ?”

ሁለት ቃል። ብቻ ሁለት ቃል ጠየቀኝ። ይህን ከመለስኩ ቅርፊቱም ይወጣል፣ ከቧንቧው ጀርባ የቀበርኳቸውም ይወጣሉ፣ ባልቴቷም መጣል የማትችል ዶሮ መሆኗ ይታወቃል። ጓሮውን በእንቁላል መብላት በሽታ ያስለከፍኩትም እኔ መሆኔ። አፌን ከፈትኩ። ለጋሼ መርፌ የማያንሰኝ፣ ለአክስቴ የማያንሰኝ ምላስ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

“እንዲሁ” አልኩ።

“እንዲሁ” አለች አክስቴ፣ ወደ አባዬ ዞራ።

“እሺ” አለ አባዬ።

እሑድ ጠዋት ባልቴቷን የሚይዛት ጠፋ። አባዬ ሲቀርብ ከበርሜሉ ጀርባ ትገባለች፤ አክስቴ በመጥረጊያ ስታስወጣት አጥር ላይ ትወጣለች። ለአሮጊት አትታማም። አክስቴ ወገቧን ይዛ ቆመችና “አንቺ ስትጠሪያት ነው የምትመጣው፣ ጥሪልን” አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሮጦ መውጣት ነበረብኝ። ግን አባዬ ቢላዋውን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ አክስቴ ውኃ ጥዳለች፣ እኔም ዝም ካልኩ ሁለት ቀን ሆኖኛል፤ ዝምታ ለካ አንዴ ከገቡበት መውጫው አይገኝም። ጎንበስ ብዬ ባዶ መዳፌን ዘረጋሁ። “ባልቴት” አልኩ። ከአጥሩ ወርዳ መጣች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔ መጫኛም አላስፈለገኝም። መዳፌን አየች፣ አንገቷን አዘንብላ እኔን አየች፣ እንደገና መዳፌን። ያኔ አባዬ ያዛት።

ላባዋን የነጨሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ሳፋው ላይ ሆዷን ከፈተችና እጇን ስታስገባ ቆም አለች።

“ምን ሆንሽ?” አልኩ።

ቀስ ብላ አወጣች። መጀመሪያ አስኳሎቹ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ የተደረደሩ፤ ትንንሾቹ የሰናፍጭ ፍሬ ያክላሉ። ከሁሉም በታች አንድ እንቁላል። ሙሉ። ነጭ። ያን ቀን ወይ በማግስቱ ጠዋት ትጥላት ነበር። አክስቴ ውኃ አፍስሳ አጠበቻትና እጄ ላይ አስቀመጠቻት። ትሞቃለች። በጣቴ ተጫንኳት፤ አልተሰረጎደችም። ድንጋይ ናት።

ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ለስላሳዎቹን፣ ጉድጓዱን፣ ጨርቁን፣ ቀይዋን። ተንፈቅፍቄ ስጨርስ አክስቴ ቢላዋዋን ሳፋው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

“ለኔ መልስ ለመስጠት ሲሆን ምላስሽ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። ይሄን ለመናገር ምን ያዘው?”

“ታሳርጃታለሽ ብዬ ፈራሁ።”

ሁለታችንም ወደ ሳፋው አየን።

“የኔዋ ስትቀር ዶሮዎቹ ሁሉ የእናትሽ ናቸው” አለች። “ይቺ ከሌሎቹ እንደምትለይ ግን ማን ነገረኝ? አንቺ አልነገርሽኝ፣ እሱ አልነገረኝ።” አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች፣ እጇ ደም ስለሆነ። “ቀይዋን ለወንድሜ ልስጠው። አሁኑኑ ትታረድ።”

“ተያት” አልኩ። “ያስተማርኳት እኔ ነኝ።”

ምሳ ላይ አክስቴ ሾርባውን በሦስት ሳህን አቀረበች። እንቁላሏ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ እንዳትንከባለል እጄን አጠገቧ አድርጌያለሁ። አባዬ አያት። አንስቶ በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት፤ የበየደው ብረት መያዝ አለመያዙን ሲሞክር እንደሚያደርገው ጆሮውን አስጠግቶ።

“የማን ናት?”

“የባልቴቷ። ሆዷ ውስጥ ነበረች።” ከዚያ ለአክስቴ የነገርኳትን ለሱም ነገርኩት፣ አንድም ቀልድ ሳልጨምር። እስክጨርስ እንቁላሏን አላስቀመጠም።

“እኔ እንኳ አስታውሼ ነበር” አለ። “እናትሽ ያለችውን። ዓርብ ዕለት አስታውሼ ነበር።”

እንቁላሏን እጄ ላይ መልሶ ተነሳና ወደ ጓሮ ወጣ። አክስቴ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ወደ ድስቱ ገለበጠች። እኔ እንቁላሏን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ፣ እስክትቀዘቅዝ።