የተዳረው ጉበት

«ይኼ ጉበት የታመመ ነው» አሉ ዶክተሯ፣ ስክሪኑን በእስክሪብቷቸው ጫፍ እየጠቆሙ። «አንተ ግን ድረኸዋል።»

ካሜራማኑ ሊስቅ ብሎ ተወው። እውነታቸውን ነው። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ተነክረው ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ናሙናዎች፣ ጤነኛውም በሽተኛውም፣ በእሱ ካሜራ ሲታዩ ቀላ፣ ሞቅ ብለው ለጫጉላ የተሰናዱ ይመስላሉ። ዕድሜውን የፈጀው ሰርግ በመቅረጽ ነዋ። የገረጣውን ማቅላት፣ የተሸበሸበውን ማለስለስ ለምዶ ካሜራውን ከነአመሉ ላቦራቶሪ ይዞት ገባ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ማለት ይኼ ነው።

ዶክተሯ አልተቆጡም። ተማሪዎቻቸው በሽታን የሚለዩት ከዚህ ቪዲዮ መሆኑን፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲገቡ ተቀርጾ ካልጠበቃቸው ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገሩትና ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ቢሯቸው ሄዱ።

ሥራው ቋሚ ነው። ከተሰጠው ቅዳሜና እሁድን በሰው ድግስ ላይ ቆሞ ማንጋት ሊቀርለት ነው። ሚስቱም ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ከርማ በዕረፍት ቀኗ መብራት አትይዝለትም። ሰሞኑን ድስት ጥዳ ትቀመጣለች፤ የቀረበላትን ገፋ ታደርጋለች፤ ገላዋን ያሳክካታል። ድካም ነው ተባባሉ። ማለዳ ሳይነጋ ወጥተው፣ ሲጨልም በቤታቸው ቢጫ አምፖል ሥር የሚገናኙ ሰዎች ሌላ ምን ይባባላሉ? ሥራው ይያዝና ታርፋለች፣ አሉ።

ዛሬም ልታግዘው ላቦራቶሪው ድረስ መጥታ፣ የተዋሰችውን ነጭ ጋውን ለብሳ መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ካሜራማኑ ማሳመሪያውን ሁሉ አጠፋ። አውቶማቲኩንም አጠፋ፤ ካሜራ ለራሱ ከተተወ ነጩ የቱ እንደሆነ በግምት ነው የሚሠራው። ካሜራው እውነተኛውን ነጭ አውቆ ሌላውን ቀለም በዚያ እንዲለካ፣ ነጭ ወረቀት ሰጣትና ወደ ሌንሱ አዙራ እንድትይዝለት ነገራት።

«እኔንም ልትድረኝ ነው?» አለችው።

«አንቺ አንዴ ተድረሻል፣ ይበቃሻል።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጉልበት አልነበረውም። ስክሪኑ ላይ ወረቀቱ መጀመሪያ ወደ ብርቱካን ሄደ፣ ቁልፉን ሲጫነው ጥርት ብሎ ነጣ። ጋውኑም ነጣ። ከወረቀቱ በላይ የሚያዩት የሚስቱ ዓይኖች ግን አልነጡም። ቢጫ ናቸው።

አበላሽቼዋለሁ ብሎ ካሜራውን አጥፍቶ አበራው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አስተካከለ። ወረቀቱ ያው ነጭ፣ ዓይኖቿ ያው ቢጫ። በመጨረሻ ከስክሪኑ ቀና ብሎ፣ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን፣ ራሷን አያት፤ ቢጫው የካሜራው አልነበረም። በቀን ብርሃን ፊቷን ካየ ስንት ጊዜው ነው? የሰው ሚስት ሲያሳምር ኖሮ የገዛ ሚስቱን አላያትም። አፈረ፤ ከማፈሩ በላይ ግን ፈራ።

«ተስተካከለ?» አለችው።

«ተስተካክሏል።»

«እንግዲያው ቶሎ በላ፣ ተማሪዎቹ ሳይመጡ። የደከምነው በከንቱ እንዳይሆን።»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ዕቃዎች አየ። አንዱም ገና አልተቀረጸም፤ ጊዜው ደግሞ ቢበቃ ለእነሱው ብቻ ነው። ስክሪኑን እንዳታየው ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ካሜራውን አጠፋ፣ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበላት። መጣሁ፣ እንዳትነሺ ብሏት ወጣ።

የቢሮውን በር ሲያንኳኳ ዶክተሯ ከወረቀታቸው ቀና አሉ።

«ጨረስክ?»

«አልጀመርኩትም፣ ዶክተር። ካስፈለገም ሥራውን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለ። «አሁን መጥተው ሚስቴን መስኮቱ ጋ ይዩልኝ።»